ከአጋሮ እስከ ማራንጉ

አባቴ ከኢትዮጵያ ወጥቶ አያውቅም። ስለ ኬንያ ግን እንደሱ የሚያወራ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ለአባዬ ኬንያ ማለት አንበሳና ዝሆን አይደለም። የቡና ፍሬ በሽታ መጀመሪያ የታየበት አገር ነው።

በወጣትነቱ እዚሁ ጅማ፣ መልኮ በሚገኘው የእርሻ ምርምር በቀን ሠራተኝነት ገብቶ ነበር። ጊዜው ባለሙያዎቹ ሲቢዲ የሚሉት በሽታ አገሩን ያስጨነቀበት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1922 ኬንያ ውስጥ ታወቀ፤ እኛ ዘንድ የታየው በ1971 ነው። በ1974 ተመራማሪዎቹ በሽታው ባጠቃው አካባቢ ሳይነኩ የቀሩ የቡና ዛፎችን ፈልገው ዘራቸውን ሰበሰቡ። ዛሬ የኛ አገር ገበሬ በስም ሳይሆን በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 ከዚያ የመጡ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ያለችው 74 ዓመቱን ነው የምትነግረን። አባዬ ችግኞቹን ውኃ አጠጥቷል፣ አርሟል፣ ተሸክሟል። በዚህ ሥራው እስከ ዛሬ ይኮራል። እኔም እኮራበታለሁ።

ከመልኮ ከወጣ በኋላ አጋሮ አጠገብ፣ ጎማ ወረዳ ውስጥ፣ ከእማዬ ወገን በደረሰን መሬት ላይ ቡና ተከለ። እማዬ የጎማ ኦሮሞ ናት። አባዬ ደግሞ ከመንዝ ከመጡ ወላጆች ጅማ ተወለደ። እኛ ልጆቹ ከእሱ ጋር አማርኛ፣ ከእሷ ጋር ኦሮምኛ እያወራን ነው ያደግነው።

ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቅዳሜ ማለት ለቀማ ነበር። አርብ ማታ ከጅማ ተሳፍረን አጋሮ እንገባለን። በማግስቱ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ቅርጫታችንን ወገባችን ላይ አስረን ቡናው ውስጥ ነን። እማዬ የበቆሎ ቂጣና አይብ በኮባ ጠቅልላ ትይዛለች። ከዋንዛው ላይ ጉሬዛዎች ቁልቁል ያዩናል። አባዬ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ ቀዩን ብቻ። ማታ ቅርጫታችንን ገልብጦ አረንጓዴ ካገኘ አይቆጣም። አንስቶ እጃችን ላይ ያስቀምጠዋል። ከቁጣ ይልቅ ያ ይከብደን ነበር።

ክረምት ላይ ግን ብቻውን እየሄደ ፍሬውን ይመረምራል። አንዳንዴ እኔን ይወስደኛል። አንድ አረንጓዴ ፍሬ ከቅርንጫፉ ሳይበጥስ በሁለት ጣቱ ይይዝና በአውራ ጣቱ ጥፍር ወደ ብርሃኑ ያዞረዋል።

«ይቺን አየሻት?» ይለኛል።

የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ ናት። ውላ ስታድር ትሰፋለች፣ ወደ ውስጥ ትሰረጉዳለች። ከዚያ ፍሬው ወይ ይረግፋል ወይ ጠቁሮ እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ይደርቃል። ዝናብና ቅዝቃዜ ሲደራረብ ደግሞ ይብስበታል። እኔ ዛሬ የሳይንስ መምህርት ነኝ። ሳይንስ የሚባል ነገር የገባኝ በመማሪያ መጽሐፍ አይደለም፤ በዚያች ነጥብ ነው።

ባለፈው ክረምት ዕቁብ ደረሰኝ። የአጎቴ ልጅ ታንዛኒያ፣ አሩሻ ውስጥ ጋራዥ ይሠራል። ሚስቱ የኪሊማንጃሮ ተራራ ልጅ ናት፤ ከቻጋ ብሔረሰብ ናት። አባቷ ቡና አላቸው። «ነይና እይ» ሲለኝ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ለእማዬ ስነግራት በአውሮፕላን መስሏት ደስ አላት። በመኪና መሆኑን ስትሰማ አጎቴን አስጠራችው።

አጎቴ አንጋፋ ሹፌር ነው። ጎረምሳ ሳለ በኤንትሬ ቡና ጭኖ የግቤን ቁልቁለት ወርዷል። በኋላ ሞያሌ ድረስ ሠርቷል። ልጆች ሆነን ከሞያሌ ወዲያ ስላለው መንገድ ይነግረን ነበር። ያኔ አስፋልት የለም። መንገደኛው ከብት በጫነ መኪና ላይ፣ ከከብቶቹ በላይ ብረት ይዞ ተቀምጦ ነው በረሃውን የሚያቋርጠው። ሽፍታ ስለሚፈራ መኪኖቹ ተጠባብቀው በአጀብ ይሄዳሉ። እማዬ የምታውቀው ሞያሌ ይሄ ነው። አጎቴ ግን «አሁን እስከ ናይሮቢ አስፋልት ነው፤ ትሂድ» አለ። አባዬ ምንም አልተናገረም። ማታ ላይ ማስታወሻ ደብተር ገዝቶ መጣ።

አዲስ አበባን አልረገጥኩም። ከጅማ በጭዳና በዳውሮ አድርጌ ኦሞን ተሻግሬ ሶዶ ወረድኩ። የዳውሮን ተራራ የወጣነው በጉምና በዝናብ ነው። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት እያወጣ ነበር የሚነዳው፤ የመኪናው ሰው ሁሉ ጸጥ ብሏል። ከሶዶ አርባ ምንጭ፣ ከዚያ ኮንሶ፣ ከዚያ ያቤሎ። ጅማ ላይ ጃንጥላ ይዤ ወጥቼ ያቤሎ ላይ አቧራ ተቀበለኝ።

ሞያሌን ተሻግሮ መኪናው በግራ በኩል ሲነዳ መጀመሪያ ላይ እግሬ ሳላውቀው ፍሬን ይፈልግ ነበር። አጠገቤ አንዲት የቦረና እናት ተቀምጠዋል። ሰላም ያልኳቸው በእማዬ ቋንቋ ነው። ከዚያ በኋላ ወሬያችን አልተቋረጠም። ጥቁር ድንጋይ ብቻ የሞላውን የዲዳ ገልገሉን ሜዳ ስናቋርጥ ጭስ ጭስ የሚል የግመል ወተት አጠጡኝ። ማርሳቢት ስንደርስ በረሃ መሃል ደን የለበሰ ተራራ ቆሞ አየሁ። ጅማን የማውቅ ሰው እንኳ ነኝና ደን አይገርመኝም፤ ያ ግን ገረመኝ።

ሌሊት ላይ ፖሊሶች አውቶቡሱን አስቆሙና መታወቂያ ጠየቁ። የኔን ፓስፖርት የያዘው ወጣት ወዲያው አልመለሰልኝም፤ ገጹን ደጋግሞ ያገላብጣል። ልቤ መምታት ጀመረ። እኚያ እናት ከተቀመጡበት ሳይነሱ በስዋሂሊ አንድ ነገር አሉት። ሳቀና ፓስፖርቴን ሰጠኝ። ምን እንዳሉት ስጠይቃቸው «ልጄ ናት አልኩት» አሉኝ። ኢሲዮሎ ላይ ወረዱ። ስልካቸውን አልተቀበልኩም፤ ስማቸውን ግን ለእማዬ ነግሬአታለሁ፣ በጸሎቷ ታነሳቸዋለች።

ናማንጋ ላይ፣ ወደ ታንዛኒያ መግቢያው፣ ሹሙ «ደቡብ አፍሪካ ነው የምትሄጂው?» አለኝ። ቢጠይቀኝ አልፈርድበትም። በዚያ መንገድ ስንት የኛ ልጆች እንዳለፉ፣ ስንቶቹ እስር ቤት እንደቀሩ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ያስተማርኳቸው ልጆች አሉበት። «ቡና ላይ ነው የመጣሁት» አልኩት። የአጎቴን ልጅ ደብዳቤ አሳየሁት። አነበበና ማኅተሙን መታልኝ። ከዚያ እስከ አሩሻ ድረስ ስለነዚያ ልጆች ነበር የማስበው። እኔ በወንበር ተቀምጬ፣ በመስኮት እያየሁ የማልፈውን አገር እነሱ ተደብቀው በሌሊት ነው የሚያልፉት።

ማራንጉ የኪሊማንጃሮ ጎን ላይ ያለ ሰፈር ነው። ከተራራው የሚወርድ ውኃ በየግቢው በቦይ ያልፋል። የሽማግሌው ግቢ ላይኛው ሙዝ፣ ከሥሩ ቡና ነው። እኛ ጋ ጥላ የሚሰጠው ዋንዛና ሰሳ ነው፤ እነሱ ጋ ሙዙ ጥላም ምግብም ሆኗል። ጊዜው ነሐሴ ነው። ጎማ ላይ ያለው የኛ ቡና ገና አረንጓዴ ነው፤ እዚያ ግን ቀልቶ ለቀማ ተጀምሯል። ቅርጫት ስጡኝ አልኩና ገባሁ። ቀዩን ብቻ ለቀምኩ።

ቅጠሎቹ ላይ ሰማያዊ አቧራ የመሰለ ነገር ደርቋል። በሽታውን ለመከላከል የረጩት የመዳብ መድኃኒት ነው። ሽማግሌው ሳልጠይቃቸው ወደ አንዱ ዛፍ ወሰዱኝ። ከቀዩ መሃል ወደኋላ የቀረ አንድ አረንጓዴ ፍሬ በሁለት ጣታቸው ያዙ። ሳይበጥሱ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

ነጥቧ እዚያ ነበረች።

የአጎቴ ልጅ ሊተረጉምልኝ ሲል «ተወው፣ ገብቶኛል» አልኩት። እንባዬ መጣ። እኚህ ሰው አባቴን አያውቁትም፣ አባቴም እሳቸውን። ግን ዕድሜ ልካቸውን አንዷን ነጥብ በአንድ ዓይነት እጅ ሲያዩ ኖረዋል።

ከዚያ ስለ መልኮ ነገርኳቸው። ስለ 74110 ነገርኳቸው፤ ሳይረጩ በሽታውን ስለሚቋቋሙት ዛፎች። ቁጥሩን ግድግዳቸው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ጻፊልኝ አሉኝ። በእነሱም በኩል፣ ሞሺ አጠገብ ልያሙንጉ ያለው የቡና ምርምር በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አውጥቷል። ሽማግሌው ግን አሮጌዎቹን ነቅለው አዲሱን ለመትከል ጉልበት አጥተዋል። ልጆቻቸው ከተማ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ቡናውን እየነቀሉ አትክልት ይተክላሉ። ይሄን ሲሉኝ የጎማ ጎረቤቶቻችን ታወሱኝ። እኛ ጋ በቡናው ቦታ እየገባ ያለው ጫት ነው።

ቤት ስንገባ የቀረበልን ሻይ በወተት ነው። ቡናቸውን የሚያውቁት ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሲያስረክቡት ነው። በማግስቱ ከቡናቸው ትንሽ ለመንኩና በድስት ቆልቼ፣ በሙቀጫ ወቅጬ፣ ጀበና ስለሌለ በማንቆርቆሪያ አፈላሁ። አቦሉን ለእንግዳዋ ብለው ጠጡ። ቶናውን ራሳቸው ጠየቁ።

የኪሊማንጃሮ ጫፍ ድረስ መውጣት ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። 5,895 ሜትር ነው፤ ቀናት ይፈጃል። እኔ ከአንድ መሪ ጋር በደኑ ውስጥ እስከ መጀመሪያው ማረፊያ፣ እስከ ማንዳራ ወጥቼ ለመመለስ ነው የከፈልኩት። በጠዋት ሁለት ሰዓት እንገናኝ አለኝ። እዚያም በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ስለሆነ ተግባብተን በጊዜው ተገናኘን።

ደኑ ውስጥ ዛፎቹ ሽበት አውጥተዋል። ዝናቡ ቆሞም ከቅጠሉ ይንጠባጠባል። መሪዬ በእጁ ዝም በይ አለኝና ወደ ላይ አሳየኝ። ጉሬዛ። ያው ነጭ ካባው፣ ያው ረጅም ጭራው። እሱ ፎቶ እንዳነሳ ይጠብቀኛል፤ እኔ ለቀማ ላይ ያለሁ መስሎኝ ቆሜአለሁ። ከፍ እያልን ስንሄድ ኮሶ አገኘን። ከማረፊያው በላይ አስታ ተጀመረ። ከማንዳራ ጥቂት ርቆ ማውንዲ የሚባል አሮጌ የእሳተ ገሞራ አፍ አለ፤ ጠርዙ ላይ ወጣን። ነፋሱ ደመናውን ሲከፍተው ኪቦ፣ የተራራው ከፍተኛ ጫፍ፣ ከነበረዶው ወጣ። በሌላ በኩል ሜዳው እስከ ኬንያ ተዘርግቷል። መሪዬ ጫፉን እያሳየኝ ስለ በረዶው ይነግረኛል። እኔ የማየው ግን ወደ ኬንያ ነበር፤ አባዬ ስንት ዓመት ሲያወራልኝ የኖረውን አገር።

ጅማ ስመለስ አባዬ ደብተሩን ተቀበለኝና መነጽሩን አደረገ። በዛፍና በዛፍ መካከል ስንት እርምጃ ነው? መቼ ይገርዛሉ? ላሞቹን ምን ያበላሉ? ፍግን ለቡናው ይሰጣሉ? አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ አንድ በአንድ መለስኩ። ስለ ሽማግሌው ጥፍር ስነግረው ደብተሩን ዘጋው።

«በሽታውን እዚያ ድረስ ሄደሽ አየሽልኝ» አለኝ። «እኔ ግን የነ74110 እናት ዛፎች የተገኙበትን አገር እንኳ አላየሁም።»

ዘሩ የተወሰደው መቱ አጠገብ ካለው ቢሻሪ ነው። ከአጋሮ በበደሌ አድርጎ የሚሄድ መንገድ አለ። ለቀማው ሳይጀመር፣ መስከረም ውስጥ አብረን ልንሄድ ተነጋግረናል። የአባዬ ጉልበት ስለሚያመው መንገድ ላይ እያደርን ነው የምንሄደው። እማዬም እመጣለሁ ብላለች። አጎቴ ደግሞ መሪውን ለማንም አልሰጥም ብሏል።