ሚስት ያልተጻፈችበት የወራሽነት ማስረጃ

ጅማ ከተማ፣ ሂርማታ አካባቢ በቀበሌ ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት የወራሽነት ማስረጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ወደ እኔ ሲመጡ፣ ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሏቸው ነበር። በሞት የተለዩአቸው ባለቤታቸው የመንግሥት ጡረተኛ ነበሩ፤ እሳቸውም የፈለጉት ጡረታውን ማስፈጸም ነው። ፍርድ ቤቱ ወስኗል፣ ማኅተሙም አርፏል። ወረቀቱ ላይ ግን የሦስት ልጆቻቸው ስም እንጂ የእሳቸው የለም።

ፍርድ ቤቱ አልተሳሳተም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ወራሾቹ ልጆች ናቸው፤ ሚስት ከጋራ ንብረቱ ድርሻዋን ትወስዳለች እንጂ ባሏን አትወርስም። ጡረታ ደግሞ የውርስ ንብረት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት የሟች የመንግሥት ሠራተኛ አበል የሚከፈለው ለተተኪዎች ነው፤ ለሚስት ወይም ለባል፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች፣ በሟች ድጋፍ ይኖሩ ለነበሩ ወላጆች። የእኚህ እናት ልጆች ሦስቱም የራሳቸውን ኑሮ የሚኖሩ ጎልማሶች ናቸው። በዚያ ወረቀት ላይ የተጻፉት በሙሉ አበሉ አይገባቸውም፤ የሚገባቸው አንዲት ሰው ደግሞ አልተጻፉም።

«እማማ፣ ማመልከቻውን ማን ጻፈልዎት?»

«ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚጽፈው ነዋ። ባሌ ሞቶብኝ ጡረታውን ላስፈጽም ነው ብለው፣ ወራሽነት አውጪ አለኝ። ከፈልኩት፣ ጻፈልኝ።»

«ሚስታቸው መሆንዎን የሚያሳይ ወረቀትስ አለዎት?»

«የምን ወረቀት ልጄ? ሦስት ልጅ ወልጄለት፣ አስታምሜ ቀብሬው!»

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ መዝገብ ላይ ግን አንዱም የለም። የተጋቡት በሽማግሌ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በሽማግሌ፣ በኒካህም ሆነ በቤተ ክርስቲያን የተጋቡ ብዙ ሰዎች የጋብቻ ምስክር ወረቀት የላቸውም። ማመልከቻ ጸሐፊው ለመጣለት ሁሉ የሚያወጣው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው። «ልጅ ነዎት ወይስ ሚስት?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ እኚህ እናት ያን ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ባላጠፉ ነበር።

መጠየቅ የነበረባቸው የባልና ሚስትነት ማረጋገጫ ነው። የጋብቻ ወረቀት በሌለበት ጊዜ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ፣ ቤተሰብና ጎረቤትም እንደዚያው ሲያውቃቸው መኖሩን በምስክር ማስረዳት ይቻላል። ምስክር ሲመረጥ ዕድሜ ይታያል። ትናንት ጎረቤት የሆነ ሰው «ባልና ሚስት ናቸው ሲባል እሰማለሁ» ከማለት በቀር የሚለው የለውም። የዕድር ሰው፣ ልጆቹ ሲወለዱ ገንፎ የቀመሰ ሰው ግን ያየውን ይናገራል።

ከምስክሩ ሌላ ጽሑፍ ቢኖር ይረዳል፤ ጽሑፉም ቀበሌ አለ። የቀበሌ ቤት ፋይል ውስጥ አብረው የሚኖሩ ቤተሰቦች ስም ይመዘገባል። «የቤቱን ፋይል እናስወጣ» ስላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ተይው ይቅር፤ ጡረታ ካገኘሽ ቤቱን ትለቂያለሽ ብለውኛል» አሉ። ማን እንዳላቸው ነገሩኝ፤ እዚህ አልጽፈውም። በቀበሌ ቤት የሚኖሩ ስንት ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች በዚህ ወሬ ምክንያት መብታቸውን ትተው እንደተቀመጡ ሳስብ ያናድደኛል። የሚስት ድርሻ ሟች ያገኙት ከነበረው አበል ግማሹ፣ 50 በመቶ ነው። ሟች 4,000 ብር ያገኙ ከነበረ 2,000 ብር መሆኑ ነው። ይህ ቤት የሚያስለቅቅ ሀብት አይደለም። ለቤቱ የሚያሰጋው ውሉ በሟች ስም ተረስቶ መቅረቱ፣ ኪራይ መወዘፉና ቤቱን ለሌላ ሰው አከራይቶ መገኘት ነው።

በመጨረሻ ተስማምተው ፋይሉ ተገኘ። ጠርዙ የተበላ ካርቶን ነው፤ ውስጡ የድሮ የኪራይ ውል አለ፤ ከውሉ ጀርባ በሰማያዊ እስክሪብቶ የቤተሰብ ዝርዝር ተጽፏል፤ ከሟች ስም ቀጥሎ የእሳቸው ስም፣ አጠገቡ «ባለቤት» ይላል። የአያታቸው ስም ግን እዚያ «ገ/ማርያም»፣ መታወቂያቸው ላይ «ገብሬ» ነው፤ ባለቤታቸው ሥራ ሲቀጠሩ የሞሉት የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ ደግሞ «ገብረማርያም» ተብሏል። ለሰፈር ሰው ሁሉም አንድ ነው፤ ለፋይል መርማሪ ግን ሦስት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ለፍርድ ቤቱ በሚቀርበው ማመልከቻ ላይ ስሞቹ ሁሉ የአንድ ሰው መሆናቸው አብሮ እንዲረጋገጥ መጠየቅ ነው። ለብቻው ይደረግ ከተባለ ሌላ መዝገብ፣ ሌላ ቀጠሮ ይመጣል።

የቀበሌው ደብዳቤም ቢሆን «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ከተጻፈ መመለሱ አይቀርም። የሚሄድበት መሥሪያ ቤት ስም ይጻፍበት፤ ቁጥርና ቀን ይኑረው። ፎቶ ካለበት ማኅተሙ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ይረፍ። ከቢሮ ሳይወጡ እዚያው ቆሞ ማየት ይሻላል።

ሰነዱ ተሟልቶ አበሉ ተፈቀደ። የመጀመሪያው ክፍያ ግን ከተጠበቀው አንሶ መጣ። ለካስ የሟች የኤቲኤም ካርድ ከልጆቹ በአንዱ እጅ ቆይቶ፣ ሞታቸው ባለመነገሩ ጡረታው እየገባ፣ እሱም ለእናቱ ቤት ወጪ ብሎ ሲያወጣ ኖሯል። በክፋት አላደረገውም። ነገር ግን ከሞት በኋላ የወጣ አበል ዕዳ ሆኖ ይመለሳል፤ አሁን ከእናቱ ድርሻ ላይ እየተቀነሰ ነው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ በዚያው ሰሞን ለጡረታውም ለባንኩም ማስታወቅና ካርዱን ማዘጋት ያስፈልጋል። ሐዘንተኛዋ ይህን ልታስበው አትችልም፤ ከለቀስተኛው መካከል አንድ የሚያውቅ ሰው ሊያስብላት ይገባል።