ያደረገችው እና የተደረገባት

ልጅ ሆኜ ሱፐር ማሪዮ ስጫወት ልዕልት ፒች ማን እንደሆነች ጠይቄ አላውቅም። ግንቡን ሰብሬ፣ ጠላቱን አልፌ መጨረሻ ላይ ስደርስ፣ ልዕልቷ ሌላ ግንብ ውስጥ ናት ይሉኛል። ያን ጊዜ በጣም እናደድ ነበር። ለእሷ አዝኜ እንዳይመስላችሁ። መንገዱ ስላላለቀልኝ ነው። ፒች ለእኔ የመንገዱ ማብቂያ ምልክት ነበረች።

ይህን ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ፣ የአኒታ ሳርኪሲያንን ቪዲዮዎች ሳይ ነው። ሳርኪሲያን በ2012 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሴቶች በቪዲዮ ጌም ውስጥ እንዴት እንደሚሳሉ የሚመረምር ተከታታይ ለመሥራት ከሕዝብ 6,000 ዶላር ጠየቀች። ከ158,000 ዶላር በላይ ተዋጣላት። አብሮትም የስድብና የዛቻ መዓት ወረደባት። በ2014 በዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልታደርገው የነበረውን ንግግር፣ የጅምላ ግድያ ዛቻ ስለመጣ ለመሰረዝ ተገዳለች። ቪዲዮዎቹን ከፍቼ ስሰማት ግን ገና ከጅምሩ የምትለው፣ አንድን ጌም እየወደዱ መተቸት ይቻላል፣ እንዲያውም ያስፈልጋል ነው። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ዛቻ? እስካሁን ያበሳጨኛል።

እኔም የምወዳቸውን ጌሞች እንደገና እየተጫወትኩ ልመረምራቸው ቆረጥኩ።

የመጀመሪያ ሙከራዬ አልተሳካም። ልብስ ላይ ተቸነከርኩ። ወንዱ ከራስ እስከ እግሩ በጥሩር ተሸፍኖ፣ አብራው የምትዋጋው ሴት ሆዷንና ጭኗን አጋልጣ ስትቆም እመዘግባለሁ። በመጨረሻ ጥሩና መጥፎ ብዬ ሁለት ዝርዝር አወጣሁ። በስሟ በተሠራው ጌም የምትዋጋዋን ባዮኔታን ምንም ሳላመነታ መጥፎው ውስጥ ከተትኳት። ጽሑፉን ያነበበች ጓደኛዬ፣ "እሷን ስጫወት ምን እንደሚሰማኝ መቼ ጠየቅሽኝ?" አለችኝ። ለእሷ ባዮኔታ ማንንም የማትፈራ፣ በራሷ ሰውነት የምትኮራ ሴት ናት። በ2009 የወጣውን የዚያን ጌም ባለታሪክ የሣለችውም ሴት ናት፤ ማሪ ሺማዛኪ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ልብሱን ማንም ይሣለው፣ ካሜራው የት ያያል የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ሎራ መልቪ በ1975 ስለ ሲኒማ ስትጽፍ፣ ካሜራው ሴትን የሚያያት በወንድ ዓይን ነው ብላ ተከራክራ ነበር። ማስ ኢፌክት 2 የሚባለው ጌም ላይ ሚራንዳ የምትባል ገጸ ባሕርይ ከባድ ነገር እያወራች ካሜራው መቀመጫዋ ላይ ያርፋል። ምን እንዳለች መስማት ያቅታችኋል። በ2021 ጌሙ ታድሶ ሲወጣ፣ ከእነዚህ እይታዎች አንዳንዶቹን ሠሪዎቹ ራሳቸው ቀይረዋቸዋል።

ሁለተኛውን ዘዴ ያገኘሁት ከአማርኛ ነው። ለታናሽ ወንድሜ ሜትሮይድን እየተረኩለት ነበር። የ1986 ጌም ነው። ጀግናው ሳሙስ መላ አካሉ በብረት ልብስ የተሸፈነ ነው። የእንግሊዝኛው መመሪያም "እሱ" እያለ ነው የሚጠራው። ጌሙን በፍጥነት ለጨረሰ ሰው የራስ ቁሩ ይወልቃል፤ ለካ ሳሙስ ሴት ናት። በአንቱታ ካልሆነ በቀር ይህን ታሪክ በአማርኛ ሳይዋሹ መተረክ አይቻልም። ግሱ አያስመልጥም። ወይ "ገባ፣ ተኮሰ፣ ዘለለ" ነው፣ ወይ "ገባች፣ ተኮሰች፣ ዘለለች"። ምስጢሩን ላለማውጣት "ገባ፣ ተኮሰ" እያልኩ ቆየሁ።

መጨረሻው ላይ ስደርስ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ሰዓቱ ባጠረ ቁጥር የሳሙስ ልብስም እያነሰ ይሄዳል። ከአንድ ሰዓት በታች የጨረሰ ተጫዋች በቢኪኒ ያያታል። እዚያ ጋ ግሱ ተገለበጠብኝ። ያን ሁሉ ዋሻ የሄደችው፣ የተኮሰችው፣ ያሸነፈችው ሴት፣ መጨረሻ ላይ ሽልማት ሆና "ተሰጠች"።

በማግስቱ ደብተር ገዛሁ። ለእያንዳንዷ ሴት አንድ ገጽ። በግራ ያደረገችው፣ በቀኝ የተደረገባት። የምጽፈው ግስ ብቻ ነው። ቆንጆ፣ ጠንካራ፣ ደካማ የሚባል ነገር የለም።

የ1981ዱ ዶንኪ ኮንግ ውስጥ ላለችው ሴት፣ በቀኝ፦ ተወሰደች፣ ተያዘች፣ ተነጠቀች። በግራ፦ ጮኸች። የ1985ቷ ፒች፣ በቀኝ፦ ተጠለፈች፣ ተዘጋባት፣ ተፈለገች፣ ተገኘች። በግራ፦ አመሰገነች። በቃ፣ ይኸው ነው። ቀኙን ከላይ እስከ ታች የሞላው "ተ" ፊደል ነው። ያን ገጽ ለረጅም ጊዜ አፍጥጬ አየሁት።

ደብተሩ ያልጠበቅሁትንም አሳይቶኛል። በ2005 የወጣው ሱፐር ፕሪንሰስ ፒች ላይ ማሪዮን የምታድነው እሷ ናት። ግራው ሞላ፤ ደስ አለኝ። ግሶቹን መልሼ ሳነብ ግን ልዩ ኃይሏ ስሜቷ ነው። ትቆጣለች፣ ትደሰታለች፣ ታለቅሳለች። ማሪዮ በእንባ ጠላት አሸንፎ አያውቅም። ስለዚህ ግራው መሙላቱ ብቻ አይበቃም፤ በምን ዓይነት ግስ እንደሞላም ማንበብ አለብኝ።

ሌላው ጎድ ኦፍ ዋር ነው። በ2005ቱ ጌም የባለታሪኩ የክሬቶስ ሚስትና ልጅ በራሱ እጅ ይሞታሉ። ሞታቸው የእሱ ቁጣ ማገዶ ነው። በ2018ቱ ደግሞ ሚስቱ ፌይ ጌሙ ሳይጀምር ሞታለች። ጉዞው አመዷን ከፍተኛው ተራራ ጫፍ ላይ ለመበተን ነው። ገጿን ከመክፈቴ በፊት ግራው ባዶ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርኩ። ጌሙ ሲያልቅ ግን ያን ጉዞ አስቀድማ ያሰበችው እሷ እንደሆነች ገባኝ። "አቀደች" ብዬ ጻፍኩ። ከሌሎቹ ብዙዎቹ በሕይወት እያሉ ያላገኙት ግስ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ማን ስንት ጊዜ እንደተናገረም እቆጥር ነበር። ሰለቸኝና ተውኩት። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት በሰፊው ሠርቶታል፤ በ50 ጌሞች ውስጥ ያሉ ከ13,000 በላይ ገጸ ባሕርያትን ንግግር መርምሮ፣ ወንዶቹ የሴቶቹን ሁለት እጥፍ ያህል እንደሚያወሩ አግኝቷል።

ከወንድሜ ጋርም ተምሬያለሁ። "ይህ ጌም ሴትን ይንቃል" ስለው ፊቱ ይዘጋል። የሚወደውን ነገር የሰደብኩበት ይመስለዋል፤ አልፈርድበትም። አንድ ቀን ምንም ሳልል ደብተሩን ሰጠሁትና "በምትወደው ጌም አንተ ሙላው" አልኩት። ከሦስት ቀን በኋላ መልሶ ሰጠኝ። አንደኛው ገጽ ላይ በግራ ምንም የለም። ከታች "ሌላ ጌም ልሞክር" ብሎ ጽፏል።

እኔ በቅርቡ የሞላሁት የዜልዳን ገጽ ነው። ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ በስሟ የወጣው በ1986 ነው። በዋናው ተከታታይ ውስጥ እሷን ባለታሪክ አድርጎ የሚያጫውት ጌም፣ ኤኮስ ኦፍ ዊዝደም፣ የመጣው በ2024 ነው። 38 ዓመት። ጌሙ ሲጀምርም ያው ነው፤ እሷ እስረኛ ናት፣ የተከታታዩ ጀግና ሊንክ ሊያድናት ይመጣል። በቀኝ "ታሰረች" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ መሬቱ ተሰንጥቆ ሊንክን ዋጠው። ዜልዳ መጀመሪያ ላይ ሰይፍ የላትም። በበትሯ ያየችውን ነገር አምሳያ ትፈጥራለች። ወደ ግራው ተሻገርኩ። አመለጠች። ፈጠረች። ጠረጴዛ ገፋች። አልጋ ላይ አልጋ ደርድራ ግድግዳውን ወጣች። መስመሩ አልበቃ ስላለኝ የቀረውን በቀኙ ባዶ ቦታ ላይ ጻፍኩት።