ቤሎሱ ሲዘረጋ የሚነጣው ፎቶ

ሰበታ ዙሪያ ካሉት የአበባ እርሻዎች አንዱ ለስካውቶቹ ማሠልጠኛ የሚሆን ፖስተር እኛን ፎቶ አንሺዎቹን አዘዘን። ስካውት የሚባሉት በየግሪንሃውሱ እየዞሩ ቅጠል እየገለበጡ ተባይ የሚቆጥሩ ሠራተኞች ናቸው። የተፈለገው የጽጌረዳውን ቅጠል የሚመጠውን፣ ማይት የሚባለውን ጥቃቅን ፍጥረትና እሱን የሚበላውን ሌላ ማይት ለይቶ ማሳየት ነው። ሁለቱም ግማሽ ሚሊሜትር ግድም ናቸው። ተባዩ ቢጫ ያለበት አረንጓዴ ሆኖ ግራና ቀኙ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ አለው። በላተኛው፣ እነሱ ፐርሲሚሊስ የሚሉት፣ ብርቱካናማ ቀይ ነው፤ እግሩም ፈጣን ነው። እርሻው ይሄንን በላተኛ በገንዘብ ገዝቶ ነው የሚለቀው። አዲስ ሠራተኛ ቀይ ነገር አይቶ ደንግጦ መድኃኒት ካስረጨ ኪሳራው ድርብ ነው።

ለእንዲህ ያለ ሥራ ማክሮ ሌንስ ብቻውን አይበቃም። አብዛኛው 1 ለ 1 ላይ ያቆማል። ግማሽ ሚሊሜትር የሆነች ፍጥረት ሴንሰሩ ላይም፣ ማለት ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል ላይ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ሆና ትቀራለች። እኛ ቤት ግን ከፊልም ዘመን የተረፈ ቤሎስ አለ። ካሜራውና ሌንሱ መሀል የሚገባ፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍና የሚዘረጋ ጥቁር ሳጥን ነው። ውስጡ መስታወት የለውም፣ ባዶ ነው። ሌንሱ ከካሜራው በራቀ ቁጥር ነገሩ ይጎላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ቤሎሱን 150 ሚሊሜትር ከዘረጋችሁት 3 እጥፍ፣ 200 ከዘረጋችሁት 4 እጥፍ። ሌንሱን ገልብጣችሁ ፊቱን ወደ ካሜራው ካዞራችሁት ቁጥሩ ትንሽ ይለወጣል፣ ምስሉ ግን ይጠራል። ተራ ሌንስ የተሠራው ትልቁን አሳንሶ ለማስገባት ስለሆነ፣ ትንሹን አጉላ ሲሉት መገልበጡ ይሻለዋል።

ዋጋው የሚከፈለው በብርሃን ነው። በ3 እጥፍ ላይ ሴንሰሩ የሚያገኘው ብርሃን ወደ አንድ 16ኛ፣ በ4 እጥፍ ወደ አንድ 25ኛ ይወርዳል። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ።

እርሻው ተባይ ያለበት ቅጠል ከግቢ እንዲወጣ አይፈቅድም። ስለዚህ ዕቃችንን ጭነን እኛው ሄድን። ማይቶቹ እንዳይሯሯጡ ቅጠሎቹን ለጥቂት ደቂቃ የአበባው ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ አቆየናቸው፤ ቅዝቃዜ ያፈዛቸዋል። ከዚያ ግሪንሃውሱ በር አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግተን፣ ትራይፖድ ተክለን ጀመርን። የሚያነሳው ወጣቱ ባልደረባዬ ነበር፤ እጁ የተረጋጋ ልጅ ነው። ፍላሽ አልያዝንም። በፕላስቲኩ ውስጥ የሚገባው ለስላሳ ብርሃን ይበቃል ብለን ነው።

በ2 እጥፍ የተነሳው ፎቶ ጥሩ ነው። 3 ላይ ትንሽ ደከመ። 4 ላይ ሲደርስ ምስሉ በሙሉ ነጣ፤ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ጥቁሩ ግራጫ ሆነ፣ ቀለሙ ጠፋ። የእርሻው አግሮኖሚስት፣ የሰብል ባለሙያዋ፣ መጥታ ስክሪኑን አየች። ብርቱካናማው ከአረንጓዴው አይለይም።

«እና የእኛው የትኛው ነው?» አለች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም መርማሪ ሆነ። አንዱ «ከቀዝቃዛው ክፍል ስትወጡ ሌንሱ ላይ ጤዛ ያዘ» አለ። አያስኬድም አይባልም፣ ግን ሌንሱ እዚያ ክፍል አልገባም። ሌላው ሌንሱ ውስጥ ፈንገስ አለ አለ። ልጁ ደጋግሞ ወለወለው። አለቃችን በስልክ ሲሰማ ደግሞ ነገሩን በአንዴ ሊቋጨው ፈለገ፦ ካነን ያወጣው 65 ሚሊሜትር ሌንስ አለ፣ ያለ ቤሎስ እስከ 5 እጥፍ ያጎላል፣ ዋጋውን ጠይቁ። ደግ ሐሳብ ነው። እኔ ግን ብልሽቱ ሳይታወቅ ዕቃ መግዛት ደስ አይለኝም። በሥራችን ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቤሎሱን ድሮ ሲሠራበት የነበረው ጋሼ መጣ። ፎቶዎቹን በተራ አየ። ምንም አላለም። ከዚያ ልጁን ጠራው።

«ሌንሱን ክዳኑን ክደንበት።»

«ጋሼ፣ ከድኜ ምን ላነሳ?»

«አንሳ ብዬሃለሁ። ቅድም ያነሳህበትን ሰከንድ ሳትነካ።»

አነሳ። ሌንሱ ተከድኖ የተነሳ ፎቶ ድፍን ጥቁር መሆን አለበት። እኛ ያገኘነው ግን በግራ በኩል ከታች ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ግራጫ እድፍ ነው። ጋሼ ጠረጴዛውን ከነካሜራው አዙሩት አለ፣ ፀሐይዋ በሌላው ጎን ሆነች። እንደገና አነሳ። እድፉ ወደ ቀኝ ዞረ። ሌንሱ ነጻ ወጣ። ብርሃኑ እየገባ ያለው በቤሎሱ ጎን ነው።

ሲያስቡት ሁሉም ነገር ገጠመ። ቤሎሱ ሲታጠፍ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ሲዘረጋ ይከፈታል። ያቺ የአንድ 25ኛ ነገርም እዚህ ጋ ትመጣለች። በተዘረጋ ቁጥር በሌንሱ የሚገባው ብርሃን እያነሰ፣ ሻተሩ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። በስንጥቁ የሚገባው ግን ቤሎሱ ስለረዘመ አያንስም፤ ሻተሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ይገባል። ስቱዲዮ ውስጥ ታይቶን የማያውቀውም ለዚህ ነው። እዚያ ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው፣ በፍላሽ ስናነሳ ሻተሩ ከሰከንድ አንድ 200ኛ በላይ አይከፈትም። ሾልኮ የሚገባው ብርሃን ጊዜ አያገኝም።

ካርቶን የሚከማችበት ጨለማ ክፍል ገብተን ሌንሱን አወጣንና የስልክ መብራት ቤሎሱ ውስጥ አስገባን። በየማጠፊያው ማዕዘን ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ነጥቦች አበሩ። ጠፍጣፋው ጎን ደህና ነው። የተጎዳው ጨርቁ በሁለት አቅጣጫ የሚታጠፍበት ጥጉ ነው፤ ጥቁሩ ልባጥ እዚያ ጋ ተልጦ ረግፏል። አሮጌ ቤሎስ የምትገዙ ካላችሁ ይሄንን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። ሻጩ ዘርግቶ አያሳያችሁም።

ያን ቀን ያተረፈችን ከማሸጊያው ክፍል የመጣች ልጅ ናት። ጥቁር ሻሽ አስራለች።

«የኔ ልጅ፣ ሻሽሽን አንዴ አውሺኝ» አላት ጋሼ።

«ይውሰዱት ጋሼ። ብቻ ኬሚካል እንዳይነካብኝ።»

ሁለት እጥፍ አድርጎ ቤሎሱ ላይ ጣል አደረገው። ሌንሱን ወደ ታች እንዳይጎትት ጠርዙን በትራይፖዱ እጀታ ላይ አሳረፈው። ክዳኑን ከድነን አነሳን፦ ጥቁር። ክዳኑን ከፍተን አነሳን፦ ብርቱካናማው ብርቱካናማ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ።

ጥገናው በኋላ ነው የመጣው። ልጁ ናስትሮ ሊለጥፍበት ነበር፣ ጋሼ ከለከለው። ናስትሮ ማጠፊያውን ያደነድነዋል፣ ሲታጠፍ አጠገቡ ያለውን ጨርቅ ይሰነጥቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ ሙጫው ይሾልካል። ሲደርቅ እንደ ላስቲክ የሚሳብ ጥቁር ቀለም በቀጭን ብሩሽ ጥጎቹን ብቻ ቀባናቸው። የሚደርቀው ተዘርግቶ ነው። ታጥፎ ከደረቀ እርስ በርሱ ይጣበቅና መልሶ ሲዘረጋ ቀለሙ ተገንጥሎ ይወጣል።

አግሮኖሚስቷ ለፖስተሩ የመረጠችው ግን እኛ የጓጓንለትን ፐርሲሚሊስ አይደለም፣ የእንቁላሎቹን ፎቶ ነው። የተባዩ እንቁላል ድቡልቡል፣ ጥርት ያለ ነው። የፐርሲሚሊስ ሞላላ ነው፣ ሮዝ ቢጤ፣ መጠኑም እጥፍ ያህል። «ያደገው ማይት ይሮጥባቸዋል፣ እንቁላሉን ግን ስካውቶቹ ቆመው ያዩታል» አለች። ለእኛም የተመቸን እሱ ነው። በ4 እጥፍ ላይ ፎከስ የሚይዘው ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ግድም ስለሆነ፣ ካሜራውን በሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ በትንሽ በትንሹ እየገፋን ብዙ አንስተን በኮምፒውተር መደረብ ነበረብን። የማይንቀሳቀስ ነገር ሲሆን ይሄ ይቻላል።

አሁን ደግሞ ትሪፕስ የሚባለውን ተባይ አንሱልን ብለዋል። እሱ ከ1 ሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ መደበቂያውም አበባው ውስጥ ነው። 2 እጥፍ ይበቃዋል፤ ቤሎሱ 100 ሚሊሜትር ላይ ይቆማል፣ ፍላሽም ይዘን እንሄዳለን።