ከድርሰቱ በፊት አዳራሹን ማየት፦ የተማሪ ቲያትር ፕሮዲዩሰር ሥራ በድሬዳዋ

በትምህርት ቤት የኪነት ክበብ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉን የሚሸከመው አዘጋጁ ነው። ተዋናይ ያለማምዳል፣ ደብዳቤ ይዞ ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ይቆማል፣ ጨርቅ ይገዛል፣ የአዳራሽ ቁልፍ ያፈላልጋል። መጨረሻ ላይ የሚጎዳው ልምምዱ ነው። ፕሮዲዩሰር የሚያስፈልገው አዘጋጁ ገንዘብ፣ ቁልፍና ደብዳቤ እንዳይነካ ነው። ገጸ ባሕርይው እንዴት ይራመድ የሚለው የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ ቀኑ፣ አዳራሹና ብሩ ግን የእኔ ናቸው። ስለዚህ ድርሰት ሲመጣልኝ ገልጬ ከማንበቤ በፊት አዳራሹን ሄጄ አያለሁ። አዳራሹ የማይችለውን ትዕይንት ተማሪው ቃለ ተውኔቱን ከያዘ በኋላ ቁረጡ ማለት ጠብ መጥራት ነው።

አዳራሽ ውስጥ መጀመሪያ የማስከፍተው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥኑን ነው። ባለ 1000 ዋት ፓውዛ በ220 ቮልት 4.5 አምፒር ያህል ይስባል። 16 አምፒር የተጻፈበት ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጠው ማብሪያ ማጥፊያ) ሦስት ፓውዛ ይችላል። አራተኛው ሲጨመር 18 አምፒር ይሆናል፤ ችግሩ ብሬከሩ ወዲያው አይወድቅም። ሙቀት እያጠራቀመ ቆይቶ ትርኢቱ መሀል ላይ ሊወድቅ ይችላል። በድሬዳዋ ሙቀት ሳጥኑ ራሱ ቀድሞ የጋለ ስለሆነ ከተጻፈበት በታች ሆኖም ሊወድቅ ይችላል። ለዚህ ነው ሁሉንም መብራት በትርኢቱ ሰዓት አብርቼ አንድ ሰዓት ሙሉ የማቆየው። ጠዋት ተሞክሮ "ይሠራል" የተባለ መብራት ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ቮልቱ ወርዶ ይደበዝዛል። ኤልኢዲ መብራት ከተገኘ ጭንቀቱ በብዙ ይቀንሳል፤ አብዛኞቹ ከ200 ዋት አይበልጡም። ድምፅ ማጉያውን ከመብራቱ በተለየ መስመር ላይ እሰካለሁ፤ አንድ ላይ ከሆኑ መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ማጉያው ያጉረመርማል። የተጠቀለለ ማራዘሚያ ገመድ ደግሞ ሳይፈታ ከባድ ጭነት ከተሰካበት ይግላል፣ ላስቲኩም ይቀልጣል። እስከ ጫፉ ይፈታ።

ለመብራት መጥፋት ጄኔሬተር እንከራያለን። ለ3 ኪሎ ዋት መብራትና ድምፅ ባለ 5 ኬቪኤ (የጄኔሬተር አቅም መለኪያ ነው) በቂ ነው። ከአዳራሹ ጀርባ፣ በተቻለ መጠን ራቅ ብሎና ጭሱ በመስኮት በማይገባበት በኩል ይቆማል። ገመዱ ሲረዝም ቮልት ስለሚያጎድል ከ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የቀጠነ አንቀበልም። ጄኔሬተርን በግድግዳ ሶኬት በኩል ወደ አዳራሹ መስመር መላክ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ የመንግሥት መብራት ድንገት ሲመጣ ወይም ውጭ ሠራተኛ መስመር ሲነካ ሰው ይሞታል። ከመንግሥት መብራት ወደ ጄኔሬተር የሚያዞር መቀያየሪያ በባለሙያ ካልተገጠመ መብራቶቹ በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ይሰካሉ።

ከመብራት ቀጥሎ ጣሪያው ነው። ቆርቆሮ ከሆነ በመጋቢትና በሚያዝያ የበልግ ዝናብ ቃለ ተውኔት አይሰማም፤ ማይክ ቢኖርም እንኳ። የጣሪያ ማራገቢያውን ድምፅ ደግሞ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ መስማት ያስፈልጋል። ማራገቢያ ከጠፋ ሕዝቡ በፕሮግራም ወረቀቱ ማራገብ ይጀምራል፣ ከበራ የኋላ ወንበር አይሰማም። እኔ ሰዉ ሲገባ አብርቼ፣ ትርኢቱ ሲጀመር በዝግተኛው አደርገዋለሁ።

ቀን መምረጥ ድሬዳዋ ላይ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በታኅሣሥ 19 ዙሪያ አይታሰብም፤ የቁልቢ ገብርኤል መንገደኛ ሚኒባሱን ሁሉ ይወስዳል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ ያምናውን ቀን ዘንድሮ መቅዳት አይቻልም። የፈተና ሳምንትን ማንም አይረሳም፤ ከፈተናው በፊት ያለውን ሳምንት ግን ብዙዎች ይረሱታል፤ ተዋናዩ የሚጠፋው ያኔ ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ ይብሳል። ከ8 እስከ 11 ሰዓት ከተማው በሙቀቱ ተይዞ፣ ከፊሉም በርጫ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ለዚያ ሰዓት የተሸጠ ትኬት ባዶ ወንበር ነው። 12 ሰዓት ላይ ከተጀመረ ደግሞ ግማሹ ተመልካች ለመግሪብ ሶላት ይወጣል። ምሽት 1 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ሆኖም የሴት ተማሪዎች ወላጆች ልጃቸው ማታ ስትቀር ደስ አይላቸውም። የእኔ ምርጫ 1 ሰዓት ጀምሮ 2:30 ሳይሞላ መጨረስ ነው፤ ይህ ማለት ድርሰቱ ያለ ዕረፍት ከ75 ደቂቃ አይበልጥም። ለሴቶች ተማሪዎች በየሰፈሩ የሚያደርስ ኮንትራት ሚኒባስ ከመጋረጃው ጨርቅ በፊት በጀት ውስጥ ይገባል። ከገንደ ቆሬም ሆነ ከሳቢያን የመጣ ወላጅ መኪናው መያዙን ሲሰማ ፈቃዱን ይፈርማል።

በጀት ላይ የማልደራደርባቸው ነገሮች አሉ። የትኬት ገቢ ከመግባቱ በፊት አይወጣም። ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ይያዛል። ብር የሚይዘው አንድ ሰው፣ ወጪ የሚፈቅደው ሌላ ሰው ነው። አሸዋና ቀፊራ ገበያ ውስጥ ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ብዙ ስለሆነ ዕቃው፣ ዋጋውና የሁለት ሰው ፊርማ ያለበት ወረቀት እዚያው ይሞላል። አልባሳትን በተመለከተ ከሳልቫጅ (ከልባሽ ጨርቅ) ተመርጦ የተስተካከለ ልብስ አዲስ ከሚሰፋው ይረክሳል፣ መድረክ ላይም ያረጀ መስሎ መታየቱ ይጠቅማል።

ጥቁር መጋረጃ ብዙ ጊዜ ያንሳል፤ ሰው የመድረኩን ስፋት ብቻ ለክቶ ይገዛልና። 8 ሜትር ስፋትና 4 ሜትር ቁመት ላለው የኋላ መጋረጃ እጥፋቱ እንዲያምር ስፋቱን በአንድ ተኩል አበዛለሁ፤ 12 ሜትር ይሆናል። ጨርቁ ወርዱ 1.5 ሜትር ከሆነ 8 ቁራጭ ማለት ነው፤ ለላይና ለታች እጥፋት 30 ሳንቲ ሲጨመር እያንዳንዱ 4.3 ሜትር፣ ጠቅላላው 34.4 ሜትር። 35 ይገዛል። ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከፓውዛ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ።

የደራሲ ፈቃድ በቃል አይበቃም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ደብዳቤው ስንት ጊዜ እንደሚታይ፣ ትኬት ይሸጥ እንደሆነና ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ መውጣት ይችል እንደሆነ ይጥቀስ። ሦስተኛውን የሚጽፍ የለም፤ የሚያጣላው ግን እሱ ነው።

ፖስተሩ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይውጣ፤ እያንዳንዱን ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ሳያየው አይታተም።

በትርኢቱ ቀን የቁልፍ ያዡ ብቻ ሳይሆን የተተኪው ስልክም እጄ ላይ መኖር አለበት። ሁለቱም በሮች ሰው እስኪወጣ ድረስ አይቆለፉም። ለእያንዳንዱ ተዋናይ 1.5 ሊትር ውሃ፣ ለላብ ደግሞ ፓውደርና ፎጣ ከመድረክ ጀርባ ይቀመጣል። የክብር እንግዳ ከ10 ደቂቃ በላይ አይጠበቅም፤ ንግግር ካለው 3 ደቂቃ፣ ያውም ከትርኢቱ በፊት። (በኋላ የሚባል ንግግር ለባዶ ወንበር የሚደረግ ነው፤ ይህን ግን ለእንግዳው አንነግረውም።)

መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ተዋናዮቹ ፎቶ ሲነሱ የውሰት ዕቃ ዝርዝሩን ይዤ ጀርባ እገባለሁ። ጀበናው፣ ሽጉጡን የሚተካው እንጨት፣ ከአንዲት እናት የተዋሰው ነጠላ ሁሉ ከመድረኩ ሳይወጡ ይቆጠራሉ፤ በነጋታው ያዋሰው ሰው ቤት ድረስ ይሄዳሉ። ሒሳቡ በሳምንቱ ውስጥ ተዘግቶ ክበቡ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ አንድ ቅጂውም ለሚቀጥለው ዓመት ፕሮዲዩሰር ከአዳራሹ የመብራት ልክ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጣል።