ክሬን፦ በድምፅዋ ተሰይማ በአንገቷ የታወቀች ወፍ

ከባድ ዕቃ የሚያነሣው ክሬን ስሙን የወረሰው ከወፍ ነው። ወፏ ሽመላን የምትመስል፣ አንገተ ረጅም፣ ረግረግና ሜዳ የምታዘወትር ስትሆን በዓለም ላይ 15 ዝርያዎች አሏት።

የጥንቱ እንግሊዝኛ ክራን፣ ግሪክኛው ጌራኖስ፣ ላቲኑ ግሩስ፣ ዌልሽኛው ጋራን ይላታል፤ የሥነ ልሳን ሊቃውንትም እነዚህን ሁሉ በሻከረ ድምፅ መጮህን ወደሚያመለክት አንድ ሥርወ ቃል ይመልሷቸዋል። ሰያሚዎቹ አልተሳሳቱም፤ የመተንፈሻ ቧንቧዋ እጅግ ረጅም ከመሆኑም በላይ በብዙዎቹ ዝርያዎች ዘንድ በፍርምባ አጥንት ውስጥ ስለሚጠማዘዝ ጩኸቷ ከብዙ ኪሎ ሜትር ይሰማል።

ስሟን የተዋሱት ነገሮች ግን ድምፅዋን ትተው መልኳን ብቻ ተከትለዋል። ግሪኮች ዕቃ ማንሻውን ጌራኖስ ብለውት ነበር፤ ፈረንሳይኛም ለወፏና ለማሽኑ ግሩ የሚል አንድ ቃል አለው። በእንግሊዝኛ ክሬን የሚለው ቃል እንደ ግስ ሲያገለግል አንገትን አስግጎ ማየት ማለት ነው። ጄራኒየም የተባለው አበባም ፍሬው ምንቃሯን ስለሚመስል ከግሪክኛው ስም ተሰየመ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ፔዲግሪ የሚለው ቃል ነው። የመካከለኛው ዘመን ጸሐፊዎች የአንድን ቤተሰብ ትውልድ ሲመዘግቡ ከወላጅ ወደ ልጆች የሚወርዱ የተከፈሉ መስመሮችን ይሥሉ ነበር፤ ምልክቱ የወፏን የእግር ዱካ ስለመሰላቸው በፈረንሳይኛ «ፒዬ ደ ግሩ»፣ ማለትም የክሬን እግር አሉት። ሐረጉ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ገብቶ፣ ድምፁም ተለውጦ፣ የዘር ሐረግ መጠሪያ ሆነ፤ ስለ ፈረሱና ስለ ውሻው ንጹሕ ዘር የሚመጻደቅ ሰው ሁሉ ሳያውቀው የወፍ እግር ይጠራል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የስሙን ባለቤት የዘነጉት፣ እንደ እኔ ግምት፣ ወፏን ማየት ስላቆሙ ጭምር ነው። አደንና የረግረጎች መድረቅ እ.ኤ.አ. በ1600 አካባቢ ከብሪታንያ አጥፍተዋታል፤ ክራንፊልድን የመሳሰሉ የቦታ ስሞች ብቻ ቀርተው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ ግን ጥቂት ወፎች በምሥራቅ እንግሊዝ ወደምትገኘው ኖርፎክ ተመልሰው ቀስ በቀስ መራባት ጀምረዋል።