ካር ቡት ላይ ቡታችሁን ቶሎ አትክፈቱ

ለንደን ውስጥ ቤት የቀየረ ሐበሻ አንድ ቀን ካር ቡት፣ ማለትም ሰው አሮጌ ዕቃውን ከመኪናው ቡት (ከኋላው የዕቃ መጫኛ) እያወረደ የሚሸጥበት ገበያ፣ መውጣቱ አይቀርም። ዕቃው በዝቷል፣ መጣሉ ያሳዝናል፣ ለበጎ አድራጎት ሱቅ ልስጠው ሲሉ ደግሞ «ትንሽ ባገኝበትስ?» የምትል ሐሳብ ትመጣለች። እኔም የገባሁበት በዚችው ሐሳብ ነው። አዘጋጆቹ ለሻጭ የሚሰጡት ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በጠዋት ና፣ ዕቃህን ሁሉ ዘርጋ፣ ዋጋ ለጥፍ። በሦስቱም አልስማማም።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። መታጠፊያ ጠረጴዛ፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ሸራ፣ ፌስታል፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ብዙ ዝርዝር ሳንቲም። የቦታ ኪራይ በር ላይ ይከፈላል፤ እኔ የሄድኩበት ሜዳ ለመኪና 15 ፓውንድ ነበር፣ ቫን ይዞ የመጣ ይጨምራል። ሜዳ ላይ የሚደረገው ዝናብ ከጣለ ሊሰረዝ ስለሚችል ከመጫናችሁ በፊት አጣሩ።

አሁን ወደ ነገሩ። ገና አልነጋም። አስተናባሪው ቦታዬን በእጁ አሳይቶኝ ሄደ። ሞተሩን ሳላጠፋ የእጅ ባትሪ ብርሃን በመስኮቱ ገባ፤ አንድ አይደለም፣ አራት አምስት። ከመኪናው ስወርድ ቡቱ ተከፍቷል። እኔ አልከፈትኩትም! አንዱ ካርቶን ያወርዳል፣ ሌላው የወረደውን ይበረብራል፣ ሦስተኛው «ይሄ ስንት? ይሄስ?» እያለ ጆሮዬ ስር ይጮኻል። አዲስ አበባ በር ላይ ከቆራሌው ጋር ስከራከር ላደግኩ ሰው ዋጋ መጣል ብርቅ አይደለም። ቆራሌው ግን ቢያንስ ግቢ ተፈቅዶለት ነው የሚገባው።

እነዚህ ሰዎች ተራ ገዢዎች አይደሉም፣ እዚያው ሜዳ ላይ የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው። የራሳቸውን ጠረጴዛ ቀድመው ይዘረጉና ሕዝቡ ሳይገባ አዲስ መኪና ሲያድኑ ያነጋሉ።

ከዕቃዬ ሁሉ ዋጋ ያለው የቀድሞ አከራዬ ትቶልኝ የሄደው ካነን ኤኢ-1 ነበር፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1976 ገበያ ላይ የዋለ የፊልም ካሜራ ነው፣ ዛሬም ወጣቶቹ ይፈልጉታል። አንድ ትርፍ ሌንስም ነበረው። ካሜራውን 60 ብዬ 40 ፓውንድ ላይ ተስማማን፤ ሁለት ባለ 20 ኖቶች እጄ ላይ ተደርገው ሰውየው ወደ ጨለማው ገባ። ዞር ስል ሌንሱ የለም።

ቢጫ ሰደርያ የለበሰውን አስተናባሪ ፈልጌ ነገርኩት። «በር ላይ ያለውን ማስታወቂያ አላነበብክም? ለዕቃ ኃላፊነት አንወስድም» አለኝ። ኪራዩን ሲቀበል ግን ኃላፊነት አላነሰውም ነበር።

ነግቶ፣ ሕዝቡ ገብቶ፣ ጎረቤቴን ዕቃዬን አደራ ብዬ እግሬን ላፍታታ ወጣሁ። ሁለት መደዳ አለፍ ብሎ፣ የሻይ ብርጭቆዎችና አሮጌ ሰዓቶች መሃል፣ ሌንሴ ተቀምጧል። ክዳኑ ላይ ያለችው ጭረት እንኳ የእኔ ናት። 40 ፓውንድ ተለጥፎበታል።

«ይሄ የእኔ ነው» አልኩት።

«ዛሬ ጠዋት ከአንድ ሰውዬ የገዛሁት ነው» አለ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያነሳ።

አስተናባሪውን ይዤ ተመለስኩ። «ያንተ ለመሆኑ ማስረጃ አለህ?» አለኝ። ሌንሱ ፊት ላይ መለያ ቁጥር ተቀርጿል፤ እኔ ግን የት ጽፌው! «እንግዲህ 101 ደውለህ ለፖሊስ አመልክት» ብሎ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ለአንድ ሌንስ፣ በእሑድ ጠዋት፣ ጠረጴዛዬ በባዕድ እጅ ላይ እያለ።

ምን ላድርግ? ተከራክሬ 25 ላይ አወረድኩትና የገዛ ዕቃዬን ልገዛ ገንዘብ ቆጠርኩ። ሰውየው ባለ 20ዋን በጣቱ አሸት አድርጎ መለሰልኝ፤ «ይቺማ ቆይታለች፣ ወረቀት ናት።» ለካስ በጨለማ ከተቀበልኳቸው አንዷ አሮጌዋ የወረቀት ኖት ኖራለች፤ እሷ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 በኋላ መገበያያ መሆኗ ቀርቷል። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ዛሬም ይቀይራታል፣ በፖስታም ይቀበላል፤ ሜዳ ላይ ግን ማንም አይነካት። ከልጆች ልብስ በለቀምኳት ሳንቲም ከፈልኩት። እስካሁን ያናድደኛል።

ስለዚህ ዛሬ እንዲህ ነው የማደርገው። በሮቹን ከውስጥ ቆልፌ እስኪነጋ መኪና ውስጥ ሻዬን እጠጣለሁ፤ መስኮቱን ቢያንኳኩ አልከፍትም። ከዚያ ባዶ ጠረጴዛ፣ ቀጥሎ መጻሕፍትና የልጅ ልብስ፤ ደህናው ዕቃ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። ብቻችሁን አትሂዱ። ውድ ዕቃ ካለ ቁጥሩን ቀድማችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። ዋጋ አትለጥፉ፤ የተለጠፈ ዋጋ ለነጋዴ የክርክር መነሻ ነው። የሕፃን የመኪና ወንበርና ሄልሜት ግን አትሽጡ፣ አትግዙም፤ አደጋ ደርሶበት እንደሆነ በዓይን አይታወቅም።

ግብርን በተመለከተ ወሬው ብዙ ነው። የገዛ ቤታችሁን አሮጌ ዕቃ መሸጥ ንግድ አይደለም። ለማትረፍ እየገዛችሁ መሸጥ ከጀመራችሁ ነው ንግድ የሚሆነው፤ ያኔ በግብር ዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ ነፃ ነው፤ ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው ትርፉ ሳይሆን ጠቅላላ ሽያጩ ነው።

ለመግዛት ከሆነ ደግሞ «ቀድሞ የመጣ ያገኛል» የሚሉትን አትስሙ። የመጨረሻዋን ሰዓት ጠብቁ፤ ሻጩ ደክሞታል፣ ጭኖ መመለሱን ሲያስበው ያቅለሸልሸዋል። በ20 ፓውንድ በእጅ የሚዞር የሲንጀር ስፌት መኪና ያገኘሁት እንዲያ ነው፤ ለአክስቴ ላክሁላት፣ መብራት ሲጠፋም ትሰፋበታለች። ሲንጀር ስትገዙ እጀታውን አዙሩ፣ የታች ክር መጠቅለያዋ ከነቤቷ መኖሯን እዩ፣ ሣጥኑ ካልተሰነጠቀ ውሰዱት። ብረቱ ግን ከባድ ነው፤ ከ23 ኪሎዋ ሻንጣ አብዛኛውን እሱ ይበላዋል።