47 ቀን ከአንድ ቀይ እድፍ ጋር

ዛሬ ሐምሌ 20 ነው። ጠዋት ከሥራ በፊት ቡፌውን ከፈትኩና የአሻንጉሊቴን የዘቢደርን እግር ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ቀዩ እድፍ ጠፍቷል። ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ፈዛዛ ሮዝ ነጥብ ብቻ ቀርታለች። ሰኔ 3 የጀመርኩት ሥራ ነው፤ 47 ቀን ፈጀብኝ። የዚህ ዓይነቱ ደስታ የሚገባው አሻንጉሊት ለሚሰበስብ ሰው ስለሆነ ለእናንተ ልጻፈው አልኩ።

ለማታውቁኝ ባጭሩ። መሰብሰብ ከጀመርኩ 4 ዓመት ሆነኝ። የምኖረው አራት ኪሎ ከወላጆቼ ጋር ነው። አሁን 31 አሻንጉሊት አለኝ፤ ከአንዷ በቀር ሁሉም ሳሎን ያለው ቡፌ ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያዋን አልገዛኋትም። አባዬ በደርግ ጊዜ ኦዴሳ ተምሮ ሲመለስ ያመጣት ማትሪዮሽካ ናት፤ ወገቧ ላይ ስትከፈት ውስጧ ሌላ ትንሽ የምትገኝባት የእንጨት አሻንጉሊት። ሶቭየት ኅብረት የተማረ ሰው ያለበት ብዙ ቤት ቡፌው ላይ አንድ አይጠፋም፣ ከሲኒዎቹና ከሠርግ ፎቶው አጠገብ። ልጅ ሆኜ መንካት አይፈቀድልኝም ነበር። አድጌ ታሪኳን ሳነብ የሩስያ ጥንታዊ ነገር የመሰለችኝ አሻንጉሊት የተሠራችው በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መሆኑን አወቅኩ። ቫሲሊ ዝቭዮዝዶችኪን የሚባል እንጨት ጠራቢ ቀረጻት፣ ሠዓሊው ሰርጌይ ማልዩቲን ቀባት። የመጀመሪያዋ ተደራራቢ 8 ነበረች፤ ትልቋ አውራ ዶሮ የያዘች ልጅ ናት። የእኛዋ 5 ናት። ክረምት ሲገባ እንጨቷ እርጥበት ስለሚስብ ወገቧ ይነክሳል፣ አትከፈትም። ታኅሣሥ ላይ ራሷ ትለቃለች። በግድ አታዙሯት።

ከዚያ ቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ መሸጫዎች የጨርቅ አሻንጉሊቶች ገዛሁ። ጎንደር ስሄድ ከወለቃ የሸክላ ምስሎች አመጣሁ። የወለቃ ሸክላ የቤተ እስራኤል ሴቶች እጅ ያረፈበት ሥራ ነው፤ በጣም እወደዋለሁ፣ ግን በቀላሉ ይሰበራል። አንዷ አንገቷ የተቀጠለ ነው። ስለዚህ ሁሉ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

አሁን ስለ ዘቢደር።

ዘቢደርን ያገኘኋት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። የአሮጌ ዕቃ ክምር ውስጥ ፀጉሯ እንደ ገለባ ተንጨባሮ፣ ራቁቷን ተኝታ ነበር። ጠይም ናት። በ150 ብር ወሰድኳት። ጀርባዋ ላይ የባርቢ አምራች የማቴል ስምና 1966 (እ.ኤ.አ.) የሚል ዓመት ታትሟል። ያን ቀን ከደስታ ብዛት ምሳ አልበላሁም፤ የ1966 ባርቢ አገኘሁ ብዬ! እናንተም እንዳትሳሳቱ ይኼን ያዙልኝ። ጀርባ ላይ ያለው ዓመት ያ የአካል ቅርጽ የተመዘገበበት ነው እንጂ አሻንጉሊቷ የተሠራችበት አይደለም። በዚያው ቅርጽ ከአሥርት ዓመታት በኋላም ተሠርቷል። ባርቢ ራሷ የወጣችው በ1959 (እ.ኤ.አ.) ነው። ክሪስቲ የምትባለው ጥቁር ጓደኛዋ በ1968 መጣች፤ ባርቢ ተብላ የተሸጠች ጥቁር አሻንጉሊት ግን እስከ 1980 አልነበረችም። ስለዚህ ጠይም ከሆነች ከጀርባዋ በፊት የአንገቷን ጫፍ ተመልከቱ። ፀጉሯን ገለጥ ስታደርጉ ሌላ ጽሑፍ ታገኛላችሁ።

አጠብኳት፣ ፀጉሯን በሙቅ ውኃ አለሰለስኩት፣ ሹሩባ ሠራኋት። ሹሩባው 3 ምሽት ወሰደብኝ። ከዚያ ልብስ ቀረ። ሽሮ ሜዳ ወጣሁና አንድ ልብስ ሰፊ አባት ጋ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ቁራጭ ጥለት ይኖርዎታል? ትንሽ ይበቃኛል።»

«ለምን ልታደርጊው ነው ልጄ?»

«ለአሻንጉሊት ቀሚስ።»

«ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

«የራሴ ናት፣ ጋሼ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ዘቢደርን ከቦርሳዬ ሳወጣ መነጽራቸውን አደረጉና ቁመቷን በሜትር ለኩ፤ 29 ሳንቲም። ገንዘብ አልተቀበሉኝም። በቀይና በአረንጓዴ የሳባ ክር የተሠራ የመዳፍ ስፋት ያለው ጥለት ቆርጠው ሰጡኝ። ቀሚሱን ቤት በእጄ ሰፋሁት። ለጥምቀት አለበስኳት፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ባለው መደርደሪያ አቆምኳት። እንደዚያ የሚያምር ነገር ቡፌዬ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አቧራ ልጠርግ ስል ቀሚሱን ገለጥኩ። ጥለቱ ያረፈበት ቦታ ሁሉ፣ እግሯን ዙሪያውን፣ ቀይ ቀለበት ሠርቷል። መጀመሪያ ክር የተጠመጠመ መሰለኝ። በጣቴ ሳሽ አልለቀቀም። እውነት ለመናገር ዕንባዬ መጣ።

ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወስዶብኛል። የእግሯ ቪኒል ለስላሳ የሆነው ውስጡ ማለስለሻ ስላለው ነው። ማለስለሻው እንደ ዘይት ነው፤ የጨርቁን ቀለም ወደ ራሱ ይስባል። ቀለሙ ላዩ ላይ አይቀመጥም፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል፤ እኔም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ቦታ ላይ 4 ወር አቆምኳት። የሚገርመው መቀነቷም ያው ቀይ ነበር፣ ወገቧ ግን ንጹሕ ነው። ወገቧ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ጠንካራው ብዙም አይጠጣም።

እናም ሞኝነቴ ተጀመረ። በላርጎ አጠብኳት፤ ምንም። በጥርስ ሳሙና ፈተግኳት፤ ቆዳዋ ፈዘዘ፣ እድፉ እንዳለ ነው። በአልኮል ሞከርኩ። አንዲት ጓደኛዬ በረኪና አለችኝ፣ ሌላዋ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አለችኝ። እነዚህን ሁለቱን አልነካሁም፤ እናንተም አትንኩ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው አሴቶን ብዙ ዓይነት ፕላስቲክ ያሟሟል። ይኼ እንደ አስተያየት የሚቆጠር አይደለም። «እኔ ሞክሬው ሠርቷል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የሠራበትን አሻንጉሊት ያሳያችሁ።

የሠራልኝ የብጉር ቅባት ነው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት፣ 10 ፐርሰንቱ። ፋርማሲ ስትገቡ ዝም ብላችሁ የብጉር ክሬም ስጡኝ አትበሉ፤ ሌላ ዓይነት ይሰጧችኋል። ስሙን ጽፋችሁ ሂዱ። ፐርኦክሳይዱ ወደ ቪኒሉ ገብቶ ቀለሙን ያነጣዋል። ሳሙና ያልደረሰበት ቦታ የሚደርሰው ለዚህ ነው።

አሠራሬ ይኼ ነው። እግሯን አጥቤ በደንብ አደርቃለሁ። በጆሮ ጥጥ ቅባቱን እድፉ ላይ ብቻ፣ ወፈር አድርጌ እቀባለሁ። እንዳይደርቅ በምግብ መሸፈኛ ላስቲክ እጠቀልላለሁ፤ ከደረቀ ሥራው ያበቃል። የቀረውን ሰውነቷን በፎይል እሸፍናለሁ። ፀጉሯን በላስቲክ ከረጢት እሰበስባለሁ፣ ምክንያቱም ቅባቱ ፀጉርም ጨርቅም ያነጣል። የትራስ ልብሴ ላይ አሁን ነጭ ነጠብጣብ አለ። ከዚያ ረፋድ ላይ መስኮት ጋ 1 ሰዓት፣ ቢበዛ 2። ሙቀት ይረዳል። ማታ አጥቤ እንደገና እቀባለሁ።

3ኛው ቀን ምንም ለውጥ የለም። 6ኛው ቀን ምንም። 9ኛው ቀን ቀዩ ወደ ብርቱካናማ ሄደ፤ ወይ ዓይኔ ነው ወይ እውነት ነው እያልኩ አባዬን ጠርቼ አሳየሁት። «ቀንሷል» አለ። ከዚያ ክረምቱ ጠናብኝ። ደመና፣ ዝናብ፣ እንደገና ደመና። 5 ቀን ሙሉ ፀሐይ አላየሁም፣ እድፉም እዚያው ቆመ። ይኼን ሥራ የካቲት ላይ ብጀምረው ኖሮ በግማሹ ጊዜ ያልቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። 20ኛው ቀን አካባቢ ሮዝ ሆነ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ ማረፍ ጀመርኩ፤ ቪኒሉም እረፍት ያስፈልገዋል። ይኼን ማንም አልነገረኝም፣ ግን አምንበታለሁ።

አሁን ልናገረው የማልፈልገውን ልናገር።

ዘቢደር እየዳነች ስትመጣ ድፍረት አገኘሁ። ሌላ አሻንጉሊት አለችኝ፣ ጉንጯ ላይ የእስክሪብቶ መስመር የነበራት። ያው ነው ብዬ ፊቷን ቀባሁ። ችኮላ ስለነበረብኝ ሳልጠርገው 3 ቀን ተውኩት፣ ፀሐይ የወጣ ዕለትም ከረፋድ እስከ ማታ መስኮት ላይ ረሳኋት። መስመሩ ጠፋ። ከእሱ ጋር ግን የግራ ከንፈሯ ቀለም ፈዘዘ፣ ጉንጯ ላይም የጥፍር ያህል ነጭ ምልክት ወጣ። የነጣ ቪኒል አይመለስም። ፊት የተቀባ ቀለም ነው፤ ፐርኦክሳይድ የእስክሪብቶን ቀለም ከከንፈር ቀለም አይለይም። ይኼን አውቀው ነበር። አንብቤዋለሁ። አሁን ቡፌው ውስጥ በቀኝ ጎኗ ዞራ ቆማለች፤ ባየኋት ቁጥር ያመኛል። ፊት ላይ አትቀቡ። የግድ ከሆነ በ5 ፐርሰንት፣ በትንሹ፣ አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ።

ስለ አልባሳት ያለኝ ሐሳብ አሁን ጠንካራ ነው። ባለቀለም ጨርቅ ቪኒል መንካት የለበትም፣ በቃ። እማዬ ጥለቱን በጨውና በኮምጣጤ ዘፍዝፊው አለችኝ፤ ዘፈዘፍኩት። በማግስቱ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ስጫነው ቀይ ለቀቀ። ይኼ ሙከራ በነገራችን ላይ ጠቃሚ ነው፤ ከለቀቀ ተጠንቀቁ። ካልለቀቀ ግን አትመኑት፤ ወራት ሲቆይ የሚያደርገውን የ10 ደቂቃ ሙከራ አያሳያችሁም። እኔ ለሁሉም ከአሮጌ ነጠላ የውስጥ ጉርድ እየሰፋሁ ነው፣ ነጭ ጥጥ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት። የ7ቱን ጨርሻለሁ።

ከካርቶን አናወጣም የምትሉ ሰዎች አላችሁ። አከብራችኋለሁ፣ ግን አልስማማም። ካርቶን ውስጥም ላስቲክ ማሰሪያ አለ። እየበሰበሰ እጇ ላይ ምልክት ይተዋል፤ እናንተ ደግሞ ስለማትከፍቱት አታዩትም። አሻንጉሊት በየወሩ ልብሷ ተገልጦ መታየት አለባት። እኔ በወር አንዴ ባይ ኖሮ ይኼን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ስለ ቦታ ደግሞ፤ ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ከባድ ናት። የቡፌ መስታወት ጨረሩን በከፊል ነው የሚከለክለው። ቡፌውን ከመስኮቱ ትይዩ ወደ ጎን ግድግዳ አዛወርኩት። ማትሪዮሽካዋን ግን አሁንም መስኮቱ ጋ ትቻታለሁ። ልክ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ መሐረቧ ላይ ሲያርፍ አባዬ ሻዩን ይዞ ያያታል፤ ከዚያ ላነሳት አልችልም።

ጌጥ ለምትፈልጉ አንድ ነገር። የባርቢ መጠን 1 ለ6 ነው። ማስመሪያ ይዛችሁ ውጡ፤ ትክክለኛውን ዕቃ ለ6 አካፍሉ። 60 ሳንቲም የሚሆን መሶብ 10 ሳንቲም ይሆናል፣ 24 ሳንቲም ጀበና 4። ቸርችል ላይ ለጌጥ የሚሸጡት ትንንሽ መሶቦች ብዙዎቹ ይበልጣሉ፤ ሳልለካ ገዝቼ 2ቱ ሜዳ ላይ ቀርተዋል። ማቆሚያ ከልብስ መስቀያ ሽቦ ነው የምሠራው፣ ወገቧን የሚይዘውን ቦታ በነጭ ጥጥ ጠቅልሎ።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ከ31ዱ አንዷ እግሯ መጣበቅ ጀምሯል፤ አቧራው ሁሉ ይለጠፍባታል። ማለስለሻው እየወጣ ነው መሰለኝ። በበቆሎ ስታርች እየነሰነስኩ እጠርጋለሁ፤ ለ2 ሳምንት ደህና ትሆናለች፣ ከዚያ ይመለሳል። ለረጅም ጊዜ የያዘለት ሰው ካለ እባካችሁ ያደረገውን በዝርዝር ይጻፍልኝ፣ ስንት ቀን እንደፈጀም ጭምር።

ዛሬ ማታ የቀረችውን የሽምብራ ፍሬ እቀባለሁ። ጉርዷ ተሰፍቶ አልቋል፣ ተተኩሶ ቡፌው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ለዕንቁጣጣሽ የሽሮ ሜዳውን ቀሚስ መልሳ ትለብሳለች፤ ጋሼ ጋም ይዣት እሄዳለሁ።